አልመጣችም

መዝገቡ ላይ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ሦስቱም የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። «አልመጣችም»። «አልመጣችም»። «አልመጣችም፣ ክትትል አቋርጣለች»። የመጨረሻዋን በቀይ እስክሪብቶ ነው የጻፍኳት። ተናድጄ ነበር መሰለኝ።

ነርስ ነኝ። ያኔ የምሠራው የደም ግፊትና የስኳር ታካሚዎች ክትትል ክፍል ነበር። እንደ ድንገተኛ ክፍል ሩጫ የለበትም። ሰው ይመጣል፣ ይለካል፣ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ቀጠሮውን ይዞ ይሄዳል። ግፊት ደግሞ ድምፅ የሌለው በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ከርሞ ነው ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳው። ለማያምም ነገር በየወሩ ተሰልፎ መዋል ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ እኛ ከጠረጴዛው ወዲህ ያለነው ብዙም አናስበውም። ስለዚህ ሰው ይቀራል። ሲቀር እንጽፋለን።

አጠራራችን እንዲህ ነበር። ካርዶቹ ከካርድ ክፍል ተደርድረው ይመጣሉ። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ አንገቴን አወጣና ስም እጠራለሁ። ሁለቴ። «አቤት» ያለ ይገባል። መልስ ከሌለ ካርዱ ከሥር ይገባል። ከመውጫ ሰዓት በፊት አንዴ እደግማለሁ። ከዚያ በኋላ ያው «አልመጣም» ተብሎ ወደ ካርድ ክፍል ይመለሳል። አፌ ላይ ማስክ አለ። ድምፄ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጭን ነው፤ ስልክ ሳነሳ «እናትሽን አቅርቢልኝ» የሚሉኝ ሰዎች እስከ ዛሬ አሉ።

የምነግራችሁ ስለ አንዲት እናት ነው። ስማቸውን አልጽፍም። እማማ ልበላቸው።

እማማ ሁለት ተከታታይ ቀጠሮ ከቀሩ በኋላ አንድ ቀን መጡ። ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ጨርሶ ስለተዘጋ ስም የሚጠራልኝ የጥበቃው ሠራተኛ ነበር። ሲጠራ ሕንፃው የሚሰማው ዓይነት ሰው ነው። እማማ ገቡ፣ ተቀመጡ። ካርዱን ገለጥ ሳደርግ ሁለቱን «አልመጣችም» አየሁና በዚያ በተዘጋ ድምፄ ቁጣዬን ጀመርኩ። «ለምን ይቀራሉ? መድኃኒት እኮ ሲፈልጉ ወስደው ሲፈልጉ የሚተውት ነገር አይደለም!» እያልኩ ክንዳቸው ላይ መለኪያውን አሰርኩ። 178 በ104፤ በጣም ከፍ ያለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ግፊት ከመለካቱ በፊት ሰውየው 5 ደቂቃ ያህል ጸጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ ሳይነባበር፣ ክንዱ በልቡ ትይዩ ሆኖ። በሚለካበት ጊዜ ወሬ የለም። ይሄን ለተማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ። እና እየተቆጣሁ ለካሁ።

እማማ ለሁሉም «እሺ» አሉ። «በየቀኑ ይውጡ፣ ባያምዎትም እንኳ ይውጡ።» እሺ። «ጨው ይቀንሱ።» እሺ። «በቀጠሮዎ ቀን ይምጡ።» እሺ ልጄ። ከወጡ በኋላ ለባልደረባዬ «እሺ ይላሉ፣ ግን አይሰሙም» አልኳት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። ዛሬ ሳስበው ራሴን እታዘባለሁ። እውነቱን እኮ ተናግሬው ነበር፤ የሰማሁት ግን አልነበረም።

ቀጣዩ ቀጠሮ ደረሰ። ጠራሁ፣ ሁለቴ። መልስ የለም። ቀይ እስክሪብቶ።

በየሳምንቱ ያቋረጡ ሰዎች ዝርዝር ይወጣል። እማማ በዚያ ሳምንት ዝርዝር ላይ ነበሩ፤ እኔና አንዲት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ቤታቸው እንድንሄድ ተመደብን። ልጅቷ ከእኔ በዕድሜ ብታንስም ሥራውን ትበልጠኛለች። በሩ ጋ ከመድረሳችን በፊት «ጋውንሽን አውልቂ» አለችኝ። ለምን ስላት «ጎረቤት ሲያይሽ ምን በሽታ ገባ ብሎ ነው የሚያወራው» አለች። አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አሥር ዓመት ስሠራ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

እማማ በደስታ ተቀበሉን። እኔ ግን የመጣሁት ለወቀሳ ስለነበር ቀኖቹን የጻፍኩበትን ወረቀት አወጣሁ። የልጅ ልጃቸው ተቀበለችኝና ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብላ፣ ጮክ አድርጋ፣ ቀስ እያለች አነበበችላቸው። እማማ ፊታቸው ተለወጠ።

«መጥቼ ነበር» አሉ።

እንደማይሆን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«መጥቼ ነበር። ከጠዋት ጀምሬ በሩ ፊት ለፊት ነው የተቀመጥኩት። አንቺም አይተሽኛል። ሰማያዊ ሹራብ ለብሰሽ ነበር። ብቅ ትያለሽ፣ ትመለሻለሽ። ሰው ሁሉ ሲያልቅ ዛሬ አልደረሰኝም ብዬ ሄድኩ።»

ሰማያዊ ሹራቡ የእኔ ነው። ጉንፋን የያዘኝ ሰሞን ገዝቼው ከላዬ አልወርድ ያለ ሹራብ ነው።

ሴት ልጃቸው ሣቅ ብላ «እሷ እኮ ሲፈልጋት ትሰማለች» አለች። ቀልዱ ቤት ውስጥ የቆየ መሆኑ ያስታውቃል። «እኔ ስጠራት ዝም ትላለች፣ ወንድሜ ሲጠራት ግን ከጓዳ አቤት ትላለች።»

ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኩ። ከዓመታት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ነበር። መድኃኒት የተላመደው ዓይነት። ለወራት በየቀኑ መርፌ ተወጉ። መጀመሪያ ጆሯቸው ውስጥ ይጮህ ጀመር። ከዚያ የሰው ንግግር «እንደ ጉርምርምታ» ሆነባቸው። ነቀርሳው ዳነ። ጆሮው ቀረ።

ዝም አልኩ። መርፌውን አውቀዋለሁ። ካናማይሲን፣ አሚካሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 ሲገኝ በነቀርሳ ላይ የሚሠራ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ነበር። ስንቱን ከሞት መልሷል፤ አይካድም። ግን እነዚህ መርፌዎች የውስጠኛውን ጆሮ ይጎዳሉ። እዚያ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ፀጉር ያላቸው ሕዋሳት አሉ፤ በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ። ከሞቱ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የመድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ መመሪያ ካናማይሲን እንዳይሰጥ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእማማ ግን ዘግይቷል።

የሴት ልጃቸውም ቀልድ መልስ አገኘ። ይህ ዓይነቱ ጉዳት መጀመሪያ የሚያጠፋው ቀጭኑን ድምፅ ነው። የሴት ድምፅ፣ የሕፃን ድምፅ፣ እንደ ሰ፣ ሸና ፈ ያሉ ፊደላት። ወፍራሙ ይቆያል። ስለዚህ የወንድ ልጃቸውን ይሰማሉ፣ የሴቷን አይሰሙም። የጥበቃውን ይሰማሉ፣ የእኔን አይሰሙም። «ሲፈልጋት» አይደለም። ሰው ሲያወራ ድምፅ መኖሩን ያውቃሉ፤ ቃሉ ግን ተሸራርፎ ነው የሚደርሳቸው። እና ሰው ፊት «ምን አልሽ?» ማለት ሰልችቷቸው «እሺ» ማለት ለምደዋል።

እኛው በሰጠናቸው መድኃኒት ጆሯቸውን አጡ። እኛው በር ገርበብ አድርገን፣ አፋችንን ሸፍነን፣ በቀጭን ድምፅ ጠራናቸው። ከዚያ «አልመጣችም» ብለን ጻፍን። ደግሞ ፊታቸው ላይ «እርስዎ» እንላለን፤ ካርዱ ላይ ስንደርስ «አቋርጣለች»። አክብሮቱም ከበሩ አያልፍም።

ከመሄዳችን በፊት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛዋ አንድ ነገር አደረገች። ወንበሯን አዙራ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ አድርጋ ተቀመጠች። ድምፇን ወፈር፣ ንግግሯን ዝግ አደረገች። አልጮኸችም። «እማማ፣ እኔ በደንብ ማስረዳቴን ማወቅ ፈልጌ ነው። ይቺን ኪኒን እንዴት እንደሚወስዷት እስቲ ይንገሩኝ» አለች። አጠያየቋን ልብ በሉ። ፈተናው የእሷ እንጂ የእማማ አይደለም።

እማማ ኪኒኑን አንስተው «ሲያመኝ አንዷን» አሉ።

«ባያምዎትም» ነበር ያልኩት። የሰሙት ግን «ሲያምዎት» ነው። ራስ ምታት በያዛቸው ቀን ብቻ ነበር የሚውጡት። ከቃሉ የቀሩት ሁለት ፊደላት 178 በ104 ሆነው ጠበቁኝ።

በማግስቱ ሥራ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ታካሚዎች የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር መጨረሻ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ባልደረባዬ እንድትጠራ ነገርኳት። ጆሮዬ ደህና ነው፤ ከሦስት ስም አንዱ አልተለየኝም። የሕፃን ለቅሶ፣ የጋሪ ጎማ፣ የሰው ወሬ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ሪፖርት ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰው ለመስማት ችግሩ እርዳታ ያስፈልገዋል ይላል። እነዚህ ሰዎች ግፊትና ስኳር አይይዛቸውም ያለን የለም። እኛ ወንበር ላይ ስንቶቹ ተቀምጠው እንደሄዱ አሁን ማን ይቁጠረው? መዝገቡ እንደሆነ አይናገርም።

መፍትሔ ብዬ መጀመሪያ ያመጣሁት የቁጥር ካርድ ነበር። ሰው ሲገባ ቁጥር ይይዛል፣ እኛ ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። በጣም ኮራሁበት። አራት ቀን ሠራ። በአምስተኛው ቀን አንድ አባት ካርዷን በጣታቸው እያሻሹ «ልጄ፣ ይሄ ለእኔ ምንድነው?» አሉኝ። ማየት አይችሉም። የስኳር ታካሚ ናቸው፤ ስኳር ዓይንን እንደሚጎዳ ደግሞ በየቀኑ ለሰው የምናስተምረው እኛ ነን። ቁጥር የማያነቡም ነበሩ፤ አፍረው ዝም ያሉ። አንዱን በር ስከፍት ሌላውን ዘግቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም። ከወንበሬ እስከ አግዳሚው ድረስ 12 እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አሁን እሄዳለሁ። የማይሰማው ያየኛል፣ የማያየው ይሰማኛል። ካርዱ ሽፋን ላይ ደግሞ «ፊት ለፊት አናግሩ» ወይም «በስም ጠርታችሁ ክንዳቸውን ያዙ» የሚል አጭር ማስታወሻ አለ። ሰውየውን ጠይቀን፣ ፈቅዶ ነው የምንጽፈው። ሰሌዳውንም አላነሳነውም፤ ለሚጠቅመው ይጠቅማል።

ኃላፊያችን መጀመሪያ «ጊዜ ይፈጃል» አሉ። እውነት ነው፣ ይፈጃል። እኔም «ቤት ድረስ ሄዶ ያቋረጠ ሰው መፈለግስ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ሞክሩት» አሉ። የሚወደስ ደስታ አላሳዩም፤ ግን አልከለከሉም።

ስለ ቃሉም ተነጋገርን። እኛ ቤት ያቋረጠ ሰው «ዲፎልተር» ነው የሚባለው። ቃሉ በዕዳ መንደርም ይሠራል፤ ዕዳውን ያልከፈለ እንደ ማለት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ከነቀርሳ መዝገብ አውጥቶት «ከክትትል የጠፋ» በሚል ተክቶታል። እኔ እሱም ብዙ አላረካኝም። እማማ የት ጠፉ? ፊቴ ተቀምጠው ነበር። መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርን፤ «እንዴት ጠራናቸው?» የሚል። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ሣቁ። አሁን ይሞሉታል፤ አንዳንዴ በጣም በሚያሳፍር ሐቀኝነት።

እማማ በቀጣዩ ቀጠሯቸው መጡ። እንደለመዱት ከጠዋት፣ በሩ ፊት ለፊት። 12ቱን እርምጃ ሄጄ ከፊታቸው ቆምኩና ማስኬን ዝቅ አድርጌ ስማቸውን በወፍራሙ ለመጥራት ሞከርኩ። የወጣው ድምፅ የእኔ አይመስልም፤ አጠገባቸው የነበረ ልጅ ሣቀ። እማማም ሣቁ። ገብተው ጀርባቸውን ደግፈው ተቀመጡ። 5 ደቂቃ ዝም ተባባልን። 152 በ90። ገና ነው፤ ግን ወርዷል።

ካርዱን ስከፍት አንገታቸውን ሰገግ አድርገው እስክሪብቶዬን አዩ።

«ዛሬ እንኳ መጥታለች ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።