በደሴ የባሕር ፕላንክተን ማርባት

ደሴ ብርዳም ከተማ ስለሆነች በቤተ ሙከራችን የባሕር ፕላንክተን (በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት) ማርባት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚታገለው ከቅዝቃዜው ጋር ነው። የአርቴሚያ (በጨዋማ ውኃ የሚኖር ትንሽ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ) ደረቅ እንቁላል ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ እዚህ ግን መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም አየር የሚነፋው ፓምፕም አብረው ይቆማሉ። ከአፍዴራ የመጣ አዮዲን ያልገባበት ጨው ለመፈልፈያ ያህል ይበቃል። ለእንስሳቱ ምግብነት የምናሳድጋቸው አልጌዎች (ደቃቅ ዕፅዋት መሰል የውኃ ፍጥረታት) ግን ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ሰልፌት የተሟሉበት፣ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ያለው ውኃ፣ በዚያ ላይ ናይትሬት፣ ፎስፌትና ቫይታሚን ይሻሉ። የሥራው ትልቁ ድካም እንስሳቱን ማርባት ሳይሆን የሚበሉትን ማርባት ነው።

አርቴሚያን የምወደው የኑሮው ምቾትና ችግር በአወላለዱ ላይ ስለሚታይ ነው። አዲስ የተፈለፈለው እጭ በአስኳሉ ስንቅ ስለሚኖር ቆዳውን አንድ ጊዜ እስኪለውጥ ድረስ ምንም አይበላም። ያደገችው እናት ደግሞ ሲመቻት ሕያው እጭ ትወልዳለች፤ ጨዋማነቱ ሲበረታና ኦክስጅን ሲያንስ ግን ድርቀትን የሚቋቋም እንቁላል ትጥላለች።

አመጋገብን መለካት ሌላ ጣጣ አለው። እንስሳትና አልጌ ከያዘው ጠርሙስ ጎን አልጌ ብቻ ያለበት ሌላ ጠርሙስ ይቀመጣል፤ አልጌው እንዳይዘቅጥ ሁለቱም በጨለማ ውስጥ ቀስ እያሉ ይሽከረከራሉ፣ ከዚያም ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። አልጌው በራሱ ሊባዛም ሊሞትም ስለሚችል፣ ያለ ሁለተኛው ጠርሙስ የቀረበ ውጤት አላምንም።

አርቴሚያ ያገኘውን ሁሉ በእግሮቹ አጣርቶ ስለሚውጥ በእርሱ የተገኘውን ውጤት ለኮፔፖዶች (በውኃ ውስጥ ለሚኖሩ ደቃቅ የሽሪምፕ ዘመዶች) ማዋል ልክ አይመስለኝም። ለእነርሱ ውኃው እንደ ማር የወፈረ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ኮል እና ስትሪክለር በ1981 እ.ኤ.አ. በፈጣን ካሜራ እንዳሳዩት፣ ምግቡን ከነከበበው ውኃ በአፋቸው ዙሪያ ባሉት እግር መሰል አካላት ይይዙና ውኃውን ጨምቀው ያስወጣሉ። ማርሻል እና ኦር ደግሞ በስኮትላንድ፣ ሚልፖርት፣ ጨረር አመንጪ ፎስፈረስ የወሰዱ አልጌዎችን ካላነስ ለተባለው ኮፔፖድ አብልተው፣ የተበላው ወደ ሰውነት፣ ወደ ኩስና ወደ እንቁላል ሲከፋፈል ተከታትለዋል። መመገብንና መራባትን በአንድ ሙከራ ያገናኘ ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ አላውቅም።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ ስለሌለ እንቁላል ወደ መቁጠር አዘንብያለሁ። ለዚህም የሐይቅ እስጢፋኖስ ውኃ ቅርባችን ነው፤ ሳይክሎፖይድ የሚባሉት ኮፔፖዶች እንቁላላቸውን በግራና በቀኝ በተንጠለጠሉ ሁለት ከረጢቶች ስለሚሸከሙ ሳይሞቱ መቁጠር ይቻላል፣ ጨው መቀመምም አያስፈልግም።