ሽቦው አሁንም እየተነቀለ ነው (5ኛ ወር)

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ባለፈው ወር የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ የሠራሁት ነገር ለሰው የሚታይ ስላልነበረ ነው።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ እኔን የያዘኝ ሱስ በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኮራሳን ውስጥ (ዛሬ ምሥራቅ ኢራንና አፍጋኒስታን የሆነው አካባቢ) የተሠሩ፣ ብር የተከተተባቸው የነሐስ ዕቃዎች ናቸው፣ ባልዲው፣ ማንቆርቆሪያው፣ የዕጣን ማጨሻው፣ መቅረዙ፣ ሁሉም። ነሐስ ስል ደሞ ብዙዎቹ ሲመረመሩ ከመዳብና ከቆርቆሮ ሳይሆን ከመዳብና ከዚንክ የተሠሩ ሆነው ነው የሚገኙት፣ ፈረንጆቹ በስሙ ሲጨቃጨቁ እኛ ሁለቱንም ነሐስ ብለን ተገላግለናል ሃሃ።

እኔ እቤት የምሞክረው ትንሽ የነሐስ ዝርግ ላይ ብር መክተት ነው። መጀመሪያ ሳስበው ምን አለው፣ በመሮ መስመር ትቆፍራለህ፣ የብር ሽቦውን ታስገባለህ፣ በመዶሻ ትመታለህ አለቀ። እንደዛው አረግኩ፣ ቆንጆ ሆነ፣ ዝርጉን ገልበጥ ሳረገው ሽቦው ጠረጴዛው ላይ ዱብ። ሦስቴ። አራተኛው ላይ (አትሳቁ) ሱፐር ግሉ ቀባሁት፣ እሱም ሁለት ቀን ቆየና ለቀቀ።

መልሱን ያገኘሁት ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ሄጄ ነው፣ እሱም ካማሩት ዕቃዎች ሳይሆን ከተጎዱት። ብሩ የረገፈባቸው ቦታዎች ላይ ተጠግታችሁ ስታዩ ጉድጓዱ ባዶውን ቀርቷል፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ አልወረደም፣ ወደ ጎን ገባ ብሎ ተፈልፍሏል፣ አፉ ጠበብ ሆዱ ሰፋ ያለ ነው። ብሩ ሲመታ እዛ ሆድ ውስጥ ይሰፋል፣ ከዛ የነሐሱ ከንፈር ላዩ ላይ ይታጠፍበታል። ሙጫ የለም! ነሐሱ ራሱ ነው ነክሶ የሚይዘው። ያልተጎዱትን ስንት ወር አፍጥጬ ሳይ ይሄ አልታየኝም ነበር። ሌላው ጥፋቴ ሽቦውን በእሳት ሳላለሰልስ መምታቴ ነው፣ ብር በመዶሻ ሲደበደብ ይደድራል፣ የደደረ ብር ደሞ ጉድጓዱ ውስጥ አይሰፋም።

እዛው ሙዚየም ቫሶ ቬስኮቫሊ የሚሉት ክዳን ያለው ዕቃ አለ፣ 1200 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተሠራ፣ ቆርቆሮው የበዛበት ነሐስ ነው፣ ቆርቆሮ ሲበዛ ቀለሙ ወደ ነጭ ይጠጋል። ዙሪያውን 12ቱ ኮከቦች እያንዳንዳቸው ከሚገዛቸው ፕላኔት ጋር በክብ በክብ ተቀርጸዋል። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ እያልኩ መቁጠር ስጀምር ነው የገባኝ፣ እነዚህ ኮ ዐውደ ነገሥት ላይ ያሉት ስሞች ናቸው፣ እኛም ከዐረብኛ ነው የወረስናቸው። አያቴ "የአሰድ ልጅ ነህ" ትለኝ ነበር፣ አሰድን እንግዲህ ከፀሐዩ ጋር የሙዚየሙ መስታወት ሳጥን ውስጥ አገኘሁት፣ ጥበቃው እስኪጠራጠረኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

በአካል ያላየሁት ግን ሁሌ ፎቶውን የምከፍተው የቦብሪንስኪ ባልዲ ነው፣ ሴንት ፒተርስበርግ ሄርሚታዥ ሙዚየም ነው ያለው። በ1163 እ.ኤ.አ. ሄራት (ዛሬ አፍጋኒስታን ውስጥ ያለች የኮራሳን ከተማ) ተሠራ፣ ቁመቱ ስንዝር ቢሆን ነው፣ ብርም ቀይ መዳብም ተከትቶበታል። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሰው ሰው ይሸታል፣ የፊደሎቹ ጫፍ ላይ የሰው ጭንቅላት ይበቅላል፣ ከሥር ደሞ የሚጠጡ፣ የሚጫወቱ፣ ፈረስ የሚጋልቡ ሰዎች አሉ። ባለቤቱ ንጉሥ አይደለም ነጋዴ ነው፣ ስሙ ተጽፏል። ከሁሉ የወደድኩት ግን ዕቃውን የሠራው ሙሐመድ ኢብን ዓብዱልዋሒድና ያስጌጠው መስዑድ ኢብን አሕመድ ለየብቻ ስማቸውን ማስፈራቸው ነው። ሁለት ሙያ ነበር ማለት ነው። "ማቅለጡንስ መቼ ነው የምትጀምረው" እያላችሁ ለምትነዘንዙኝ መልሴ ይሄው፣ እኔ የመስዑድ ወገን ነኝ፣ ማቅለጫ በኪራይ ቤት ኩሽና አልተክልም።

አሁን ያለሁበት፦ ስድስት ሳንቲ ሜትር ዝርግ ላይ ሸርጣን ጨረቃዋን ይዛ እየሠራሁ ነው። ዝርጉን ሬንጅ ላይ አጣብቄ ነው የምመታው፣ ያለዛ ይሸሻል (ሬንጁን ስታሞቁ መስኮት ክፈቱ፣ ጎረቤት ደውሎብኛል)። ጠርዙን ወደ ጎን መፈልፈሉ እጅ ይፈልጋል፣ አንድ እግር አንድ ማታ ይፈጃል። ትናንት ገልብጬ አራገፍኩት። ከስምንቱ እግር ሦስቱ ወደቁ፣ ጨረቃዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።