ውሃ ልክ ልኬን አሳየኝ

ይኸው ሦስት ሳምንቴ። እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል ያቺ ድምፅ ትመጣለች፦ «ልጄ፣ ጣና አልበቃ ብሎህ ነው?»

ሐይቁ ዳር ያለችውን አጭር የመኪና መንገድ መናፈሻ እያደረግናት ነው፤ የታይል ንጣፉ የእኔ ድርሻ ነው። ገና ስንጀምር አስፋልቱ ይነሳ አይነሳ የሚል ጭቅጭቅ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ሳን ፍራንሲስኮን አሳየኋቸው። የውቅያኖስ ዳር አውራ ጎዳናቸው በፈረንጆቹ 2024 በሕዝብ ድምፅ ለመኪና እንዲዘጋ ተወሰነ፣ በ2025 ፓርክ ሆኖ ተከፈተ፤ አስፋልቱ ግን እዚያው ነው። «አሜሪካ ያላነሳችውን እኛን ምን አቻኮለን?» ብዬ አሸነፍኩ። ምነው በተሸነፍኩ!

አስፋልት ሲሠራ መሃሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ይላል፤ ውሃው ወደ ጎን ይሮጣል፣ ቦዩ ይቀበለዋል። እኛ ቦዩን ደፈንን። በሐይቁ በኩል ከርቭስቶን (የጠርዝ ድንጋይ) ከታይሉ 10 ሳንቲም ከፍ አድርገን ተከልን። አስፋልቱ ላይ 4 ሳንቲም አሸዋ ደለደልንና ባለ 6 ሳንቲም ታይል ደረደርንበት። ዝናቡ በታይሉ ስፌት ይሰርጋል፣ ከታች አስፋልት ያገኘዋል፣ ወደ ጎን ሲል ከርቭስቶን ያግደዋል። ከሥሩ በየ3 ሜትሩ ማፍሰሻ ቀዳዳ መተው ነበረብን። እዚህ ድረስ ጥፋቱ የጋራ ነው።

የእኔ ብቻ የሆነችው አግዳሚ ወንበሩ ያለባት 6 ሜትር ናት። ወንበሩ እንዳይወላገድ ብዬ በገዛ እጄ ውሃ ልክ ይዤ አስተካከልኳት። የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ላይ ቁጭ! በቁመትም በወርድም። ረዳቴን ጠርቼ «ሥራ ማለት ይህ ነው» አልኩት፤ ፎቶም አነሳሁ። ንጣፍ በሜትር 2 ሳንቲም ተዳፋት እንደሚፈልግ ለሰው የማስተምር እኔ! አረፋዋ የቆመችበት ላይ ውሃውም ይቆማል፤ የመሣሪያው ስም ራሱ ይናገራል።

የሰኔ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ። ጠዋት ስደርስ… ኩሬ ብላት ትቀየመኛለች። ሐይቅ ናት። ወንበሩ ደሴት ሆኗል፤ የቀረው ገዳም ብቻ ነው። አንድ ይብራ፣ ሦስት ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ጣና ከኋላው ተዘርግቶ እያለ፣ ጀርባውን ሰጥቶት የእኔን ውሃ ይታጠባል። አንድ ልጅ የሃይላንድ ጠርሙስ ለሁለት ሰንጥቆ ታንኳ አንሳፍፏል፤ «ዘጌ! ዘጌ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ነፋስ ሲመጣ ማዕበል ቢጤም አላት። እምቦጭ የሚወርራት መቼ ይሆን እያልኩ ቆሜያለሁ።

አንዲት እማማ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነበር። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ። ውሃዋን አዩ፣ ጣናን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በመጨረሻ እጄ ላይ ያለውን ውሃ ልክ አዩ። ከዚያ ያችን ጥያቄ ጠየቁኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ፤ ሴትዮዋ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

የባጃጁን ነገር ግን በእኔ እንዳታሳብቡ። መግቢያው ላይ የብረት ምሰሶዎቹን በ1 ሜትር ተኩል ርቀት አስተክሎ የሄደው ሌላ ሰው ነው። የባጃጅ ወርድ 1 ሜትር ከ30 ነው። 1 ሜትር ከ20 ይሁን፣ ዊልቸር ያልፋል፣ ባጃጅ ይቀራል ብዬ ጮኼ ነበር። አሁን መናፈሻዬ አቋራጭ ሆኗል። ያን ዕለት አንዱ ውሃዋ ዳር ሲደርስ ፍሬን ያዘና አንገቱን አውጥቶ «ወንድማለም፣ ይሄ መንገድ መቼ ነው የሚሠራው?» አለኝ።

ትናንት አፈረስናት። ታይሉን አነሳን፣ አስፋልቱን እዚያች ቦታ ላይ ሰብረን ጠጠር ሞላን፣ ከርቭስቶኑን በየ3 ሜትሩ ቀዳዳ አወጣንለት። ተዳፋቱን ለመያዝ ባለ 3 ሜትር ጣውላ ወስደን በሐይቁ በኩል ካለው ጫፍ ሥር 6 ሳንቲም ከፍታ ያላት እንጨት አስገባን፤ ውሃ ልኩን ከላይ ጫንኩ። አረፋዋ መሃል መጥታ ቆመች፤ ከሥር ያለው ንጣፍ ግን አሁን ወደ ሐይቁ ያዘነብላል።

ረዳቴ ስልኩን ከኪሱ አወጣና «ጋሼ፣ ፎቶ ላንሳ?» አለኝ።