ተመላላሹ እኔ ነበርኩ

ኦሃዮ ውስጥ፣ ከኮሎምበስ በስተሰሜን ግማሽ ሰዓት ያህል በመኪና ሲኬድ፣ ዴላዌር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1993 እ.ኤ.አ. ጆን ጎርስኪ እዚያ የወረወረውን ቡሜራንግ (ሲወረወር ዞሮ ወደ ወርዋሪው የሚመለስ የታጠፈ እንጨት) ሞቃት አየር ይዞት ወጥቶ 17 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ሰማይ ላይ አቆየው። የአሜሪካን ሻምፒዮና ደጋግሞ ያሸነፈው ቼት ስናውፈርም የዚያችው ከተማ ሰው ነው። ኮሎምበስ እየኖርኩ ይህን መስማት በቂ ነበር፤ አንድ የፕላስቲክ ቡሜራንግ ገዝቼ ሜዳ ወጣሁ። የእኔው አራት ሰከንድ በርሮ ሣሩ ውስጥ ተተከለ። ሁለት ወር ሙሉ ቡሜራንጉ በወደቀበት ይጋደማል፣ ተመላላሹ እኔ ነበርኩ።

ጥፋቱን በክንዴ ላይ ጣልኩ። ግራኝ ነኝ፤ ልጅ ሳለሁ በግራዬ ስጎርስ አያቴ «በቀኝህ!» እያለች መዳፌን ትመታኝ ነበር። ገበያ ላይ ያለው ቡሜራንግ አብዛኛው ለቀኝ እጅ የተሠራ መሆኑን ግን የነገረኝ አልነበረም።

ነገሩ የተገለጠልኝ የሆላንዳዊውን የፊዚክስ ሊቅ የፌሊክስ ሄስን ሥራ ሳነብ ነው። ሄስ በ1975 ከግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያገኘው በቡሜራንግ ነው፤ ክንፉ ላይ ትንሽ አምፖል አስሮ ሌሊት እየወረወረ የበረራውን መስመር ፎቶግራፍ ያነሳ ነበር። እንዲህ ነው፦ ቡሜራንግ ቆሞ እየተሽከረከረ ሲበር የላይኛው ክንፍ ከበረራው ጋር ወደፊት ስለሚሄድ አየሩን በፍጥነት ይቀዝፋል፣ የታችኛው ወደኋላ ስለሚሄድ ይዘገያል። ስለዚህ ላይኛው ይበልጥ ይገፋል። የማይሽከረከር ነገር ቢሆን በጎኑ ይወድቅ ነበር። የሚሽከረከር ግን አይወድቅም፣ መንገዱን ያጥፋል። ቸርኬ የነዳ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ እየሮጠ ያለ ጎማ ወደ ጎን ሲያዘነብል ከመውደቅ ይልቅ ይዞራል።

ጃፓናዊው ጠፈርተኛ ታካኦ ዶይ በ2008 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ሲወረውር የተመለሰለትም በዚሁ ምክንያት ነው። የመሬት ስበት አያስፈልግም፣ አየር ይበቃል።

የቀኝ እጁን ቡሜራንግ በግራዬ ስወረውር ግን በወፍራሙ የፊት ጠርዝ ፈንታ ነፋሱን ቀድሞ የሚያገኘው ቀጭኑ የኋላ ጠርዝ ነበር። የሚያስፈልገኝ መስተዋት ውስጥ እንደሚታየው የተገለበጠው ነው። አምስት ሚሊ ሜትር የበርች ኮምፔንሳቶ ገዝቼ በመጋዝ ቆረጥኩ፤ ታችኛውን ገጽ ዝርግ ትቼ ላይኛውን በሞረድ አሞለሞልኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። የመጀመሪያው ተበላሸ። ሁለቱንም ክንፎች በውስጠኛው ጠርዝ በኩል አወፍሬያቸው ነበር። ቡሜራንግ ሲሽከረከር ግን የአንደኛው ክንፍ ፊት በመታጠፊያው፣ በክርኑ፣ ውስጠኛ በኩል፣ የሌላው በውጭ በኩል ይሆናል። አሁን እንጨቱን ከመንካቴ በፊት የመሽከርከሪያውን አቅጣጫ በእርሳስ ቀስት እስልበታለሁ።

ያን ሁሉ ሞርጄ ሳበላሽ የማስበው ጆ ቲምበሪን ነበር። ሲድኒ አጠገብ ያለችው የላ ፔሩዝ ሰው፣ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ልጅ፣ በ1954 ንግሥት ኤልሳቤጥ ፊት ቡሜራንግ ወርውሮ ያሳየ ጠራቢ ነው። የላ ፔሩዝ ጠራቢዎች ከማንግሮቭ ዛፍ በተፈጥሮው የታጠፈውን ክርን መርጠው ይቆርጣሉ። የሄስ ቀመር ከመጻፉ በፊት እጃቸው ያውቀው ነበር። ዴቪድ ሹሚ በ2005 ኩዊንስላንድ ውስጥ 427.2 ሜትር ወርውሯል፤ አደንቀዋለሁ፣ ግን ያ ውርወራ ተመላሽ አልነበረም። ሁለት ወር ለቀማ የሮጠ ሰው እንዲህ ያለው ክብረ ወሰን ብዙም አያስቀናውም።

ሦስተኛውን የሠራሁት ለስላሳ ነፋስ ባለበት ጠዋት ሞከርኩት። ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብዬ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ ዞርኩ፤ ቡሜራንጉን ሳላጋድመው፣ ቆሞ ማለት እስኪቻል ይዤ፣ ከጉልበት ይልቅ የእጅ አንጓዬን አፍጥኜ ለቀቅኩት። ወደ ቀኝ ዞረ፣ ከፍ አለ፣ ከዚያ ተጋድሞ እየተሽከረከረ ወደ ደረቴ ወረደ። ደንቡ እንደ ጭብጨባ በሁለት መዳፍ መሃል መያዝ ነው። ደነገጥኩና በአንድ እጄ ቀለብኩት፤ በቀኜ።