የማዕድን ቆፋሪዎች የቦት ውዝዋዜ ቡራዩ ላይ፦ የ9 ሳምንት ማስታወሻ

ቡራዩ፣ ከድንጋይ ካባዎቹ ወዲህ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ 12 ሰው በሳምንት ሁለት ቀን የሚለማመደው የደቡብ አፍሪካ የቦት ውዝዋዜ (የጎማ ቦት አድርጎ፣ መሬት እየረገጡና ቦቱን በመዳፍ እየመቱ የሚጨፈር) 9 ሳምንት ሞላው። የተሳካውም ያልተሳካውም እዚህ ተጽፏል። ለመጀመር ያሰበ ቡድን የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት በከንቱ እንዳያጠፋ ይረዳል።

ስለ አመጣጡ በአጭሩ። ዮሐንስበርግ አካባቢ ባለው ዊትዋተርስራንድ ላይ በ1886 እ.ኤ.አ. ወርቅ ከተገኘ ወዲህ ከሞዛምቢክ፣ ከሌሶቶ፣ ከዙሉና ከኮሳ ምድር የመጣ ሠራተኛ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ቋንቋው ለየቅል ስለነበር ከዙሉ፣ ከእንግሊዝኛና ከአፍሪካንስ በተቀየጠው ፋናጋሎ ይግባባ ነበር። ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል፤ ውሃውን አሟጦ ከማውጣት ቦት ማደል ይረክስ ነበር ይባላል። ውዝዋዜው ኢሲካቱሎ ይባላል፣ በዙሉ «ጫማ» ማለት ነው። የደርባን ወደብ ሠራተኞችም ይጨፍሩት ነበር። ምንጩ አካባቢ ሄዶ ማየት የሚፈልግ ካለ፣ ዮሐንስበርግ ደቡብ በቀድሞው የክራውን ማይንስ ወርቅ ማውጫ ላይ የተሠራው የመዝናኛ ፓርክ ጎልድ ሪፍ ሲቲ ውዝዋዜውን ያሳያል፤ ወደ ጉድጓዱም ያወርዳሉ።

ከበሮ የለም፤ ከበሮው ቦቱ ነው። ስለዚህ አመራረጡ ላይ መቸኮል አይገባም። የግንባታ ሠራተኛ የሚያደርገው፣ ከጉልበት በታች የሚደርስ፣ ውስጡ ጨርቅ ያልተለበጠ ቀጭን የፕላስቲክ ቦት ጥሩ ይጮኻል። ለብርድ ተብሎ ውስጡ የተደረበው ድምፁን ይውጠዋል። በባትና በቦቱ አፍ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ያ ባዶ ቦታ ነው ድምፁን የሚያጎላው። ባቱ ጥብቅ ካለ ቢመቱትም ድፍን ነው። ተረከዙ የሚንሸራተት ሰፊ ቦት ደግሞ አንዴ ሲረግጡት ሁለት ጊዜ ይጮኻል፤ መጀመሪያ ሶሉ፣ ቀጥሎ ተረከዙ። በሁለት ወፍራም ካልሲ ይስተካከላል። ጠዋት ብርድ ላይ ፕላስቲኩ ስለሚደርቅ ድምፁ ይሰላል፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ለስልሶ ይወፍራል። ይህ የቦቱ ጠባይ እንጂ የእጅ ስህተት አይደለም።

ለቁርጭምጭሚት ሻኩራ የሚሆነው የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ነው። ለአንድ እግር 14 ይበቃል። ከውስጥ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን በቢላ ጫፍ ሳይፈለቅቁ ቢደረድሩት አይጮኽም፤ ይህን ዘለው ቆርኪው ለምን አልሠራም የሚሉ ብዙ ናቸው። እንጨት ላይ አስቀምጦ በሚስማር መሐሉን መብሳት፣ ሁለት ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ አድርጎ ሽቦው ላይ መሰካት፣ በየጥንዱ መካከል የግማሽ ሴንቲ ሜትር ክፍተት መተው። ካልተተወ ተጣብቆ ይቀራል። የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ በፕላስተር ካልተጠቀለለ በሁለተኛው ቀን ቦቱን ይቀደዋል።

ወለል። አፈር ድምፅ ይበላል፤ ሲሚንቶ ድምፅ ይሰጣል ግን ቅልጥምን ያሳምማል። በሦስተኛው ሳምንት አራት ሰው ያቋረጠው በቅልጥም ሕመም ነው። መፍትሔው ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በሞራሌ ላይ ማንጠፍ ሆነ። ሞራሌዎቹ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተራራቁ መሐሉ ይዘላል፣ ምቱም ይዘገያል። ቺፑድ ርካሽ ነው ብሎ መግዛት ኪሳራ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ያብጥና ጠርዙ ይፈረፈራል።

አሁን ወደ እርምጃው። መነሻው ስምንት ቆጠራ ነው። 1 ቀኝ ረገጥ፣ 2 ግራ ረገጥ፣ 3 ላይ ቀኝ እግር ወደ ላይ ተነሥቶ መጀመሪያ ቀኝ መዳፍ በውጭ በኩል፣ ወዲያው ግራ መዳፍ በውስጥ በኩል ቦቱን ይመታል፤ 4 ቀኝ ረገጥ። ቀጥሎ በተገላቢጦሽ፦ 5 ግራ፣ 6 ቀኝ፣ 7 ላይ ግራ ቦት ሁለቴ ይመታል፣ 8 ግራ ረገጥ። በአንድ ዙር አሥር ድምፅ ነው። ክብደቱ በየረገጣው ወደ መሬት የወረደው እግር ላይ ይሂድ፤ 4 ላይ ቀኝ እግርን ነካ ብቻ አድርጎ የሚያነሣ ሰው 5 ላይ የትኛው እግር እንደሚነሣ ይጠፋዋል። ረገጣው በሙሉ ሶል፣ ጉልበት ታጥፎ ይሁን፤ በተረከዝ የሚረግጥ ወገቡን ይጎዳል። መዳፍ ጎድጎድ ሲል ድምፁ ወፍራም፣ ሲዘረጋ ስል ነው። ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ።

በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ሰው ግራውን በደንብ እየመታ ቀኙን ሲያበላሽ ታየ። ቀኝ እጅ የለመደ ሰው ግራው ይሻለዋል? ምክንያቱ የወጣው ቆጠራው ሲደመጥ ነው። 7 ላይ «ሰባት» ሁለት ቀለም ያለው ቃል ነው፤ «ሰ» እና «ባት» ለሁለቱ ምት እኩል ቦታ ያበጃሉ። 3 ላይ ያለው «ሦስት» ግን አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚያልቅ ነው፤ ሁለተኛው መዳፍ የሚያርፍበት ድምፅ ስለሌለ ይጣደፋል። ቆጠራው «አንድ፣ ሁለት፣ ጣ-ጣ፣ አራት» ከተባለ ጀምሮ ቀኙ በአንድ ልምምድ ተስተካከለ። ይህን ብቻ ወስዳችሁ ሌላውን ብትተዉ እንኳ አይቆጫችሁም።

ከዚያ ወዲያ የቀረው ዋና ችግር ችክችካ ነው። የኛ ጆሮ ያደገው በስድስት ስምንተኛ ምት ስለሆነ ሁለት ድምፅ ሲሰጠው ረጅምና አጭር አድርጎ ያወዛውዘዋል፤ «ጣ-ጣ» ሳይታወቅ «ጣአ-ጣ» ይሆናል። በዚህ ውዝዋዜ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ሜትሮኖሙ (ምት እየጠበቀ የሚጮኸው መሣሪያ) በደቂቃ 80 ምት ላይ ሲሆን በአንድ ቆጠራ ውስጥ ያለው ጊዜ 0.75 ሰከንድ ነው፤ ሁለተኛው መዳፍ ልክ ግማሹ ላይ፣ 0.375 ሰከንድ ላይ ይውደቅ። በጆሮ መፍረድ አይቻልም፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ጆሮ ነው ያለን። የተሳካው ዘዴ ሜትሮኖሙን በእጥፍ፣ 160 ላይ ማስጮህና ሁለቱም መዳፍ በየጩኸቱ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። በአራት ልምምድ ተላመደ፤ ከዚያ ወደ 80 ተመለሰ። አሁን 96 ላይ ነን። ከ100 በላይ ሲሄድ ችክችካው ይመለሳል።

እስክስታ የሚችሉ ሰዎች ሌላ ጣጣ አለባቸው። መዳፍ ከመውረዱ በፊት ትከሻቸው ይነሣል፣ እጁም በዚያው መጠን ይዘገያል። ትከሻ ዝም ይበል፤ ክርን ብቻ ይሥራ። በረገዳ ያደጉት ግን ረገጣውን በመጀመሪያው ቀን ነው የያዙት።

የመሪው ትእዛዝ በአማርኛ ነው። «ቁም» እና «ዙር» አልሠሩም፤ ባለ አንድ ቀለም ስለሆኑ በረገጣው ውስጥ ይሰምጣሉ፣ የተሰሙ ጊዜም አንዱ ለሌላው ይወሰዳል። በ«ቁሙ» እና «ወደ ቀኝ» ተተኩ። ትእዛዙ 5 ላይ ይውጣ፤ ለመዘጋጀት ሦስት ቆጠራ ይቀራል። 7 ላይ ከወጣ ግማሹ ቆሞ ግማሹ ይቀጥላል። እስካሁን 12ቱም አንድ ላይ የቆሙት ከአሥር ሙከራ በሰባቱ ነው። በተለይ ቆርኪው ያጋልጣል፤ እግሩ ቆሞ ሻኩራው የሚቀጥል ሰው ሁልጊዜ አለ። ጉልበቱን ዘርግቶ ስለሚቆም ነው፤ አጥፎ ቢቆም ንዝረቱ እዚያው ያልቃል።

ክረምት ከገባ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁሉን ነገር ይሸፍናል። መጀመሪያ ልምምድ ይቋረጥ ነበር፤ አሁን ያኔ ክብ ሠርቶ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ጉልበት እያዩ መቀጠል ተለምዷል። የሚገርመው ከሁሉ የተሻለው እኩልነት የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

እንክብካቤ፦ ላብ ስለማይወጣ ከልምምድ በኋላ ቦቱ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ማሳደር። ከሰል አጠገብ ማድረቅ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፤ አንድ ጥንድ በዚህ ተበላሽቷል። ካልሲ ከመልበስ በፊት በጣቶች መካከል ፓውደር።

ለቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት የተያዘው ዙሩ ነው፦ ከ1 እስከ 4 ሩብ ዙር ወደ ቀኝ፣ ከ5 እስከ 8 ባሉበት። አሁን 3 ላይ እግር ተነሥቶ ሳለ ስለሚዞሩ ይንገዳገዳሉ። ዙሩን 2 ላይ፣ ግራው ሲረግጥ መጨረስ ይሞከራል።