ለተሳሳተ መልስ ቦታ እንስጥ

ውድ ጓደኞቼና ተከታታዮቼ፣ ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ፤ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ! ከከዚራ እስከ ጀጎል ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ውጭ አገር ሆናችሁ የድሬን ሙቀት የምትናፍቁም ጭምር፣ ዓመቱ የጤናና የሰላም ይሁንላችሁ።

አበባየሆሽ ተዘፍኖ ሳያበቃ ትምህርት ቤት ይከፈታል። የባዮሎጂ መምህር ነኝና ለዚህ በዓል የምመኘው፣ ልጆቻችን ዘንድሮ ክፍል ውስጥ ሳይፈሩ እንዲሳሳቱ ነው። እጁን ከፍ አድርጎ መልሶ የሚያወርድ ተማሪ በየክፍሉ አለ። ሐሳብ አጥቶ አይደለም፤ ይስቁብኛል ብሎ ነው። አባቶች «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። በትምህርት ደግሞ ያልተነገረ ሐሳብ አይፈተንም፣ ያልተፈተነም አይታረምም፤ ልጁ ስሕተቱን ይዞ ያድጋል።

እኛ ቆላ የምንኖር ሰዎች የምናውቀውን የወባን ነገር ላንሳ። አውሮፓውያን ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ወባን የሚያመጣው ከረግረግ የሚነሳ መጥፎ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ፈረንሳዊው ላቭራን አልጄሪያ ውስጥ የወባውን ተሕዋስ በሕመምተኛ ደም ውስጥ አየ። ከዚያ ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ማንሰን ትንኝ አለችበት አለ፤ ሰው የሚታመመው ግን ትንኝ የሞተችበትን ውኃ ሲጠጣ ነው ብሎ ገመተ። ሮናልድ ሮስ ይህን ግምት ይዞ ሕንድ ሄደ። ውኃውን ለፈቃደኞች አጠጥቶ ቢሞክር ግምቱን የሚያጸና ውጤት አላገኘም። ትንኝ እየሰነጠቀ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ፤ የሚመረምራቸው ዓይነቶች ወባ የሚያስተላልፉት ስላልነበሩ ምንም አላየም። በነሐሴ 1897 ክንፏ ዝንጉርጉር በሆነች ሌላ ዓይነት ትንኝ ሆድ ውስጥ ተሕዋሱን አገኘው። በ1902 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ሰው ሁሉ ሮስን ያደንቃል፤ እኔ ግን የማንሰን ነገር ይበልጥብኛል። ግማሹ ስሕተት የሆነ ግምቱን በግልጽ ባይናገር ኖሮ፣ ሮስ ትንኝ ውስጥ ምን ይፈልግ ነበር? በእርግጥ ስሕተት ሁሉ እንዲህ አይጠቅምም። ያ ግምት የጠቀመው ሞክሮ ማረጋገጥ ወይም መጣል የሚቻል ስለነበረ ነው።

ይህ ነገር እኛም ከተማ ደርሷል። ወባ ዝናብ ተከትሎ ይመጣል፣ በበጋ ይቀንሳል የሚለው እውቀት የሞኝ ወሬ አልነበረም፤ በአገራችን ዋናዋ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስ የምትራባው ዝናብ ባቆረው ውኃ ነውና። በ2014 ዓ.ም. ግን ድሬዳዋ ላይ በደረቁ የበጋ ወራት ከ2,000 በላይ ሰው በወባ ታመመ። አጥኚዎች የታመሙ ሰዎችን ቤትና አካባቢ ሲፈትሹ ያገኟት በብዛት ሌላ ትንኝ ነበረች፤ አኖፊለስ ስቴፈንሲ። ከእስያ የመጣች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ ቀብሪ ደሃር ተገኝታ ነበር። ዝናብ አትጠብቅም። ውኃ ይጠፋል ብለን በሮቶና በበርሜል የምናጠራቅመው ይበቃታል። በበጋ፣ ያውም ከተማ መሃል፣ ወባ አይበረታም ብሎ የጸና ሰው እሷን ፍለጋ በርሜል ከፍቶ አያይም ነበር። እነዚያ አጥኚዎች የለመዱት እውቀት እንዳልበቃቸው ተቀብለው በርሜሉን ስለከፈቱ ከልብ አመሰግናቸዋለሁ።

መምህራን ወዳጆቼ፣ ተማሪ ሲሳሳት «ተቀመጥ» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት እንዲህ አሰብክ?» በሉት። ብዙ ጊዜ ሐሳቡ ውስጥ እንደ ማንሰን ግማሽ እውነት ይገኛል፤ የቀረውን ክፍሉ በሙሉ አብሮ ይፈትነው። ወላጆችም ማታ ስንት አገኘህ ብቻ አትበሉ፤ የትኛውን ስተህ ለምን እንደሳትክ ንገረኝ በሉት፤ ሲነግራችሁም አትቆጡ።

ደግሞ በበዓሉ ሰሞን ሮቶና በርሜላችሁን ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ። ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ «አሁን የወባ ወቅት አይደለም» ሳትሉ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩት።

መልካም አዲስ ዓመት!