ዳሎል ላይ ጨው ስንቀምስ

ከመቀሌ የተነሳነው ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ቁልቁለቱ አያልቅም፤ ጆሮ ይደፈናል። ደጋ ላይ የደረብነውን ጃኬት በርሃሌ ሳንደርስ አወለቅነው። ዳሎል ከባህር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ምድር ነው።

ብዙ ሰው ወደዚህ የሚመጣው ባለቀለሙን ፍል ውሃ ሊያይ ነው። እኔ ግን ፖታሽ፣ ማለትም ማዳበሪያ የሚሠራበትን ፖታሲየም ያለበት ጨው፣ ለማየት ጂኦሎጂስት ጓደኛዬን ተከትዬ መጣሁ። ያደግኩት ገበሬ ቤት ነው። ክረምቱ ሲቃረብ "ማዳበሪያው መጣ?" እየተባለ የሚያልፈውን ጭንቀት አውቀዋለሁ።

ዳሎል አጠገብ ባለችው ሃመድ ኢላ መንደር፣ ድንኳን ውስጥ የናሙና ሳጥኖች ተደርድረዋል። ከጉድጓድ የወጣው ጨው እንደ ዱላ ድብልብል ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሏል። "ቶሎ ሸፍነው፣ ያልበዋል!" አለኝ ጓደኛዬ። ካርናላይት የሚባለው የፖታሽ ጨው ከአየር እርጥበት ይጠጣና ይሟሟል። ሲቆፈርም ጨው የጠገበ ውሃ ነው የሚጠቀሙት። በንጹህ ውሃ ቢቆፍሩ ናሙናው እዚያው ይቀልጣል።

ቀመስኩ። ነጩ ያው የወጥ ጨው ነው። ቀላ ያለው ሲልቫይት፣ ሌላው የፖታሽ ጨው፣ መጀመሪያ ጨው ጨው ይላል፣ ኋላ ይመራል። ካርናላይቱማ ምላስ ያቃጥላል።

ፖታሲየም በተፈጥሮው ትንሽ ጨረር ይረጫል። ስለዚህ ይህን ጨረር የሚለካ የጋማ መለኪያ በገመድ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ተራው ጨው ላይ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ተኝቶ ይቆያል፤ ፖታሹ ጋ ሲደርስ ብድግ ይላል። ሳየው ልቤ አብሮ ዘለለ። ጓደኛዬ ግን አልቸኮለም። መስመሩ ፖታሲየም መኖሩን እንጂ የትኛው ጨው እንደሆነ አይናገርም። ያንን የሚለየው ላብራቶሪ ነው። ሲልቫይት ለማጣራት ይቀላል። ካርናላይት ማግኒዥየም ይዞ ስለሚመጣ ሥራ ያበዛል። ካይናይት የሚባለው ሌላ የፖታሽ ጨው ደግሞ ሰልፌት ስላለው፣ ክሎሪን ለማይስማማቸው ተክሎች የሚሆን ማዳበሪያ ይወጣዋል። "ስንት ቶን አለ?" ብቻ እያልን መጠየቃችን ልክ እንዳልሆነ የገባኝ እዚያ ነው።

ማታ ስለ አወጣጡ ተጫወትን። አንዱ መንገድ ውሃ ወደ ታች ልኮ ጨውን ማሟሟት፣ ብጥብጡን መሳብ፣ ከዚያ ገንዳ ላይ ማድረቅ ነው። ፀሐይ እንደሆነ ሞልቷል። መንገድ የመሩን የአፋር አዛውንት ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ "ውሃውን ከየት ልታመጡት ነው?" አሉ።

ጓደኛዬ ደብተሩን አውጥቶ ጥያቄውን ጻፈው። "አባ፣ ከብቶቻችሁ የሚጠጡበትን ጉድጓድ ነገ ጠዋት ያሳዩናል?" አላቸው።